አሥራ አንድ ደቂቃ ሲሚንቶ ላይ

እውነተኛ ስሟ መታወቂያዋ ላይ ተጽፎ ቀርቷል። ፍራሽ በምንሠራበት ቤት ሁላችንም እንዝርት ነበር የምንላት። ስሙን ማን እንዳወጣላት አላውቅም፤ ያወጣው ሰው ግን አልተሳሳተም። አንድ ቦታ ረግታ ቆማ አይቻት አላውቅም። ስፖንጅ በሙጫ አጣብቃ ሙጫው እስኪደርቅ ሌላው ሰው አረፍ ሲል፣ እሷ መጥረጊያ ታነሣለች፤ ወይም የእኔን ፍቅፋቂ ትሰበስባለች፤ ወይም የተቋጠረ የሰው ክር ይዛ ትፈታለች። ምሳዋን እንኳ የምትበላው ዕቃውን በእጇ ይዛ፣ ከመስኮት መስኮት እየተንጎራደደች ነው። «እትዬ፣ እባክሽ ቁጭ በይ፣ አንቺን ሳይ እኔን ደከመኝ» ስላት፣ «እኔን የሚደክመኝ ስቀመጥ ነው» ትለኛለች።

እኔ እዚያ ቤት አናጢ ነኝ። የሶፋና የአልጋ እንጨት እገጣጥማለሁ፤ እሷ ፍራሽ ትሞላለች፣ ትሰፋለች። ከሁላችን ታላቅ ጋሼ መቀስ ነበሩ። ስድሳን ያለፉ፣ ደረተ ሰፊ፣ ከበር ሲገቡ ሆዳቸው ቀድሟቸው የሚገባ ጨርቅ ቆራጭ። ያለ ማስመሪያ ሃያ ሜትር ጨርቅ ቀጥ አድርገው ይቆርጡ ነበር። ምላሳቸውም ከመቀሳቸው አያንስም፤ ያገኘውን ሁሉ ይሸረክታል። እንዝርትና እሳቸው ጎን ለጎን አሥራ አራት ዓመት ሠርተዋል፤ አሥራ አራቱንም ዓመት ተነታርከዋል። እሳቸው የያዙትን ሳይጨርሱ ሌላ አይነኩም። እሷ ደግሞ ሦስት ነገር ጀምራ አራተኛውን ስትፈልግ ነው የምትገኘው።

ታላቅ ወንድሟ የሞተው ይህ የማወራው ነገር ከመሆኑ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። እሁድ ረፋድ ላይ የቤቱን በር ቀለም ሲቀባ ልትጠይቀው ሄዳ አጠገቡ ነበረች። ከመሰላሉ ወረደ፣ «ትንሽ አዞረኝ» አለ፣ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ፣ ከዚያ ወደ ጎን ዘንበል አለ። ብሩሹ ከእጁ አልወደቀም። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ ውሃ ይደፋበታል፣ አንዷ በጋዜጣ ታራግባለች፣ ሌላው እግሩን ያሻል፣ አንዷ ስኳር በጥብጣ አፉን በማንኪያ ልትከፍት ትታገላለች። እንዝርት ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋ ስሙን ትጠራለች። መኪና ተገኝቶ ሐኪም ቤት እስኪደርሱ ግማሽ ሰዓት አልፏል።

መርዶውን የነገራት ሐኪም ገና ልጅ እግር ነው። ነግሯት ሲያበቃ፣ የሚጽፈው ወረቀት ነበረና ሳያያት ጠየቃት።

«ከወደቀ ጀምሮ ደረቱን የተጫነለት ሰው ነበር?»

ጥያቄው አልገባትም። «ውሃ አፍስሰንበታል» አለችው። ልጁ ቀና ብሎ አያት፣ ከዚያ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። እሱ ምናልባት እዚያው ረስቶታል። እሷን ግን ያ ጥያቄ እንደ ጫማ ውስጥ ጠጠር ሲቆረቁራት ከረመ። ላገኘችው ሰው ሁሉ ታነሣዋለች፤ «ደረት መጫን ማለት ምን ማለት ነው? ያ ሁሉ እጅ ተሰብስቦ አንዱ እንኳን ደረቱ ላይ ያላረፈው ለምንድን ነው?» ትላለች። ሰው ሊያጽናናት ቀኑ ደርሶ ነው ይላታል። እሷ ግን መጽናናት አልፈለገችም፤ ማወቅ ነበር የፈለገችው።

በመጨረሻ ሴት ልጇ ጠያይቃ፣ በእሳት አደጋ ጣቢያ ቅዳሜ ቅዳሜ ለፈለገ ሰው በነፃ እንደሚያስተምሩ ሰማችላት። እንዝርት ጥቁር ልብሷን ሳታወልቅ ሄደች።

አስተማሪዋ ዕድሜዋን ሙሉ በአምቡላንስ የሠራች፣ አጭር፣ ድምፀ ጎርናና ጡረተኛ ናት። አሥራ ሁለት ተማሪዎች እግር የሌለው የፕላስቲክ ሰው ከበው ቆሙ። ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ነው። የወደቀውን ሰው ትከሻውን መታ መታ አድርገህ ትጠራዋለህ። ካልመለሰ፣ ትንፋሹም እንደ ደህና ሰው ትንፋሽ ካልሆነ፣ አምቡላንስ ታስጠራለህ፤ ከዚያ አትጠብቅም። ጠንካራ ነገር ላይ በጀርባው ታስተኛዋለህ። የአንድ እጅህን መዳፍ፣ ከአንጓህ አጠገብ ያለውን ጠንካራውን ክፍል፣ ደረቱ መካከል፣ ከአጥንቱ ታችኛው ግማሽ ላይ ታሳርፋለህ። ሌላውን እጅህን ከላይ ደርበህ ጣቶችህን ታቆላልፋለህ። ክርንህን ቀጥ፣ ትከሻህን በእጆችህ አናት ላይ፤ በክንድህ ሳይሆን በሰውነትህ ክብደት ትጫናለህ። ጥልቀቱ አምስት ሳንቲ ሜትር ገብቶ ስድስት ሳያልፍ፣ ፍጥነቱ በደቂቃ ከመቶ እስከ መቶ ሃያ። በተጫንህ ቁጥር ደግሞ ደረቱ ሙሉ በሙሉ ወደ ቦታው እስኪመለስ ትለቃለህ።

የእንዝርት ተራ ሲደርስ ተንበረከከችና ወረደችበት። የፕላስቲኩ ሰው በትክክል ሲጫኑት ትከሻው ላይ አረንጓዴ መብራት ይበራል። ለእሷ አልበራም። ይበልጥ ፈጠነች፤ አሁንም አልበራም። አስተማሪዋ እጇን ያዘቻት።

«ቸኮልሽ» አለቻት። «ስትጫኚ ልቡ ደሙን ይገፋል፤ ስትለቂው ይሞላል። ሳይሞላ ብትጫኚው ምን ልትገፊ ነው?»

ሌሎቹ በዚያው ቀን ተምረው ሄዱ። እንዝርት አራት ቅዳሜ ተመላለሰች። ችግሯ ሁለት ነበር፤ ትፈጥናለች፣ ደግሞም እጇ ደረቱ ላይ እንደተደገፈ ይቀራል፣ እስከ መጨረሻው አይለቅም። አስተማሪዋ ጮክ ብላ እንድትቆጥር አዘዘቻት፤ «አንድና፣ ሁለትና፣ ሦስትና» እያለች። ሴትየዋ አንድ ነገር ጀምራ ሌላ ሳትነካ ጨረሰች ሲባል የሰማሁት በዚህ ብቻ ነው። በአራተኛው ቅዳሜ መብራቱ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ሳይጠፋ በራላት።

ያን ቀን አስተማሪዋን ለብቻዋ አግኝታ ስለ ወንድሟ ጠየቀቻት፤ ብጫነው ኖሮ ይተርፍ ነበር ወይ አለቻት። አስተማሪዋ አልዋሸቻትም። «አላውቅም። ሠላሳ ዓመት ተጭኛለሁ፤ ከተነሡልኝ ያልተነሡልኝ ይበዛሉ» አለቻት። እንዝርት ይህን ሰምታ የምታርፍ መስሎኝ ነበር፤ ጭራሽ ባሰባት።

ከዚያ በኋላ መድረሻ አሳጣችን። ከስፖንጅ ቁርጥራጭ ደረትና ሆድ ያለው ሰው ሠራች፤ ከትርፍ የሶፋ ጨርቅ ቆዳ ሰፋችለት፤ ደረቱ ውስጥ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ቀበረችበት። አጥልቀው ሲጫኑት ፕላስቲኩ ቀጭ ይላል፤ ካላጠለቁት ዝም። ምሳ ሰዓት በደረሰ ቁጥር መሬት ላይ ታስተኛውና «ኑ፣ አምስት ደቂቃ ነው» ትለናለች። ሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። እኔ ብቻ ይሉኝታ ይዞኝ፣ ሁለት ምሳ ሰዓት እየሳቅሁ ተማርኩላት።

አንድ ቀን ጋሼ መቀስ ጨርቅ እያጠፉ፣ ዓይናቸውን ሳያነሡ፣ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉ።

እንዝርት የያዘችውን የሙጫ ብሩሽ አስቀመጠች፤ ወጣች። ስትመለስ የስፖንጁን ሰው ከበሩ ኋላ ሰቀለችው። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ለአምስት ወር አላነጋገረቻቸውም። ልኬት እንኳን ስትፈልግ እኔን ነበር የምትልከው፤ እሳቸው ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ቆመው፣ «ስምንት ሜትር ይቁረጡ በላቸው» ትለኛለች፤ እሳቸው ደግሞ «ሰምቻለሁ በላት» ይሉኛል። መጸጸታቸውን ሁላችንም አይተናል። አፋቸው ግን ለይቅርታ አልተፈጠረም።

ነገሩ የሆነው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። የአንድ ሆቴል ሥልሳ ፍራሽ ስለነበረብን ቤቱ ግርግር ነበር። ጋሼ መቀስ ከጠዋት ጀምሮ ያልባቸዋል። መንጋጋቸውን ያሻሉ፤ ግራ እጃቸውን ያራግፋሉ፤ ጨጓራዬ ነው ይላሉ። እንዝርት ከወዲያ ጥግ ሆና ስታያቸው ቆይታ፣ ሐኪም ቤት ይሂዱ ብዬ እንድነግራቸው ላከችኝ። ነገርኳቸው። «ሐኪሟ ራሷ ትምጣና ትንገረኝ» አሉ። ይህን ሰምታ ብሩሿን ጣል አድርጋ ወደ እሳቸው መምጣት ጀመረች። አልደረሰችም። ጋሼ መቀስ የተደረደሩት ፍራሾች ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ፤ መቀሳቸው ከእጃቸው ሾልኮ ሲሚንቶው ላይ ተንቃጨለ፤ እሳቸውም በጀርባቸው ተዘረሩ።

እኔ ደክሟቸው ጋደም ያሉ መስሎኝ ነበር። እንዝርት ግን ደርሳ ትከሻቸውን ይዛ እየነቀነቀች ጠራቻቸው። ዓይናቸው ግማሹ ተከፍቷል፤ ምንም አያይም። ጆሮዋን አፋቸው ላይ አድርጋ ደረታቸውን ተመለከተች። ከጉሮሯቸው አንድ ረጅም ማንኮራፋት የመሰለ ድምፅ ወጣ። ከኋላዬ አንዷ፣ ተመስገን ይተነፍሳሉ አለች።

«ይህ ትንፋሽ አይደለም» አለች እንዝርት። «ያጣጥራሉ። አውርዷቸው።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። እንደ እውነቱ ከሆነ፣ የታመመን ሰው ከለስላሳ ፍራሽ አንሥቶ ባዶ ሲሚንቶ ላይ ማስተኛት ግፍ መሰለን። አንዱ ይህንኑ አላት።

«እዚህ ላይ ብጫን የምጫነው ፍራሹን ነው፤ እሳቸውን አይደለም። አውርዷቸው!»

ሦስት ሆነን አወረድናቸው። ክብደታቸው ዛሬም ክንዴ ላይ አለ። እሷ በዚያች ቅጽበት፣ አንድ ሰው አምቡላንስ ይጥራ ብላ ለሁሉም አልጮኸችም፤ በጣቷ ነው የለየችን። ጸሐፊዋን፣ ደውለሽ ድምፁን ከፍ አድርጊና ስልኩን አጠገቤ አስቀምጪ አለቻት። አንዱን መንገድ ላይ ቁም አለችው። ከዚያ የጋሼን ሽርጥ ወደ ጎን ወርውራ ሸሚዛቸውን ገነጠለችው፤ ቁልፎቹ እየዘለሉ ከማሽኑ ሥር ገቡ። ተንበረከከች፣ እጇን ደርባ ደረታቸው መካከል አኖረች፣ ጀመረች።

«አንድና፣ ሁለትና፣ ሦስትና...»

አሥራ አራት ዓመት የማውቃት ሴት መሆኗን ተጠራጠርኩ። ከወገቧ በላይ እንደ አንድ እንጨት ሆናለች። ክርኗ አይታጠፍም። ትወርዳለች፣ ሙሉ በሙሉ ትለቃለች፣ ትወርዳለች። በስልኩ ውስጥ ያለችው ሴት መኪናው መነሣቱን ነግራን፣ እንዳታቋርጪ ትላለች። ሃያ ገደማ ስትደርስ ከጋሼ ደረት ውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ሁላችንም ሰማነው። ይህ የፕላስቲክ ድምፅ አልነበረም። ከመካከላችን አንዷ ፊቷን ሸፈነች፤ አንዱ ትከሻዋን ይዞ፣ ይብቃሽ፣ ልትገድያቸው ነው አላት። የእንዝርት ፊት እንደ ኖራ ነጣ። እጇ ግን አልቆመም። የተያዘ ትከሻዋን አስለቅቃ፣ በሁለት ቁጥር መካከል «አጥንት ይጠገናል» አለች፤ ቆጠራዋን ቀጠለች።

ሁለት ደቂቃ ሊሞላ ሲል ላቧ ከአገጯ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

«አናጢው፣ ተራህ ነው።»

ቀኑን ሙሉ ምስማር የምመታ ሰው፣ እችላለሁ ማለት አቃተኝ። አልችልም አልኳት።

«ሁለት ምሳ ሰዓት ተምረሃል። ከወዲያ ጎን ተንበርከክ። ከደከመኝ ጥልቀቱ ይጎድላል፤ ጎድሎ መጫን ደግሞ አለመጫን ነው። እጅህን አዘጋጅ፤ ሦስት ስል ትገባለህ።»

ገባሁ። የሰው ደረት ከስፖንጁ ጋር አይመሳሰልም፤ ይሞቃል። የሰበርነው አጥንት ከእጄ ሥር ይንቀሳቀሳል። ፈርቼ በላይ በላዩ ስነካካ፣ እንዝርት ክርኔን በጥፊ አቀናችውና አጥልቀው አለችኝ። «አምስት ሳንቲም ነው ያልኩህ። የሞራሌ ውፍረት አታውቅም?» ያኔ ገባኝ። ሞራሌ በየቀኑ የምጠርበው እንጨት ነው፤ ውፍረቱን ዓይኔ ተጨፍኖ እጄ ያውቀዋል። በዚያ ልክ ወረድኩ። «አሁን ልቀቅ፤ እስከ ላይ ይነሣ» አለች። የእኔን ቁጥር የምትቆጥርልኝ እሷ ነበረች።

እንዲህ እየተቀባበልን ቆየን። ሁለት ደቂቃ እሷ፣ ሁለት ደቂቃ እኔ። ስንቀያየር እንኳን ክፍተት እንዳይኖር፣ አንዳችን እጃችንን ሳናነሣ የሌላው እጅ አጠገቡ ይጠብቃል። ስልኩ ላይ ያለችው ሴት ስንት ደቂቃ እንደሆነ ትነግረናለች። ስድስት አለች። እኔ ሃያ መስሎኝ ነበር። ዘጠኝ አለች። የጋሼ ከንፈር ቀለሙ ሰማያዊ ይሁን ቀይ ይሁን አላውቅም፤ እሳቸውን ማየት ትቼ የእንዝርትን አፍ ነበር የማየው።

በአሥራ አንደኛው ደቂቃ አምቡላንሱ ደረሰ። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ሻንጣ ይዘው ገቡ። እኛ እየተጫንን ሁለት ልጥፎች ደረታቸው ላይ ለጠፉና ራቁ አሉን። የጋሼ ሰውነት በኤሌክትሪኩ ንዝረት አንዴ ዘለለ። ወዲያው ሰውየው ተጫነ። ሁለት ደቂቃ ቆይቶ እንደገና ራቁ ተባለ፤ እንደገና ዘለሉ። ሴትየዋ ጣቷን አንገታቸው ላይ አኑራ የደም ትርታ ፈለገች። ያ ፍለጋ ከአሥራ አንዱ ደቂቃ ሁሉ ረዘመብኝ። ከዚያ ራሷን ወደ ታች ነቅነቅ አደረገች።

ሲያወጧቸው፣ የጀመረው ማን ነው ብላ ጠየቀች። ላሳያት ዞር ስል እንዝርት የለችም። ከማሽኑ ሥር ተንፏቃ ገብታ የሸሚዙን ቁልፎች እየለቀመች ነበር።

ያለፈው ይበቃ ነበር፤ የቀጠሉት አራት ቀናት ግን ባሱ። ጋሼ መቀስ አልነቁም። ሐኪሞቹ የተዘጋ የልባቸውን ደም ሥር በቀጭን ቱቦ ከፍተውላቸዋል፤ ጭንቅላታቸው ግን ምን እንደሚሆን እርግጠኛ አልነበሩም። እንዝርት ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደዚያ ትሄዳለች። እንድትገባ አይፈቅዱላትም፤ ኮሪደሩን ከጫፍ ጫፍ ትመታዋለች። በሦስተኛው ቀን ጥበቃው ወይ ተቀመጪ ወይ ውጪ አላት። ወጣችና አጥሩን ትዞር ጀመር። እኔም አብሬያት ዞርኩ።

የምታስበው ስለ ሰከንድ ነው። ከወደቁ እስከ መጀመሪያው ጫና ስንት ሰከንድ እንደሆነ ታሰላለች። ፍራሹ ላይ ሆነን የተከራከርንበት አሥራ አምስት፣ ያወረድንበት ሃያ፣ ሸሚዙ አምስት። ነቅተው ሰው የማያውቁ ቢሆኑስ? ሚስታቸው ዕድሜ ልካቸውን ሲያስታምሙ ቢኖሩስ? ያኔ ያተረፍኩት ምንድን ነው ትለኛለች። ልጇ እንደነገረችኝ ቤትም ገብታ የሶፋውን መደገፊያ ትጫናለች፤ ጣቷ በራሱ ይቆጥራል።

በሁለተኛው ቀን የጋሼ ልጅ ወደ ሥራ ቤታችን መጥቶ ነበር። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ አደጋውን ሰምቶ ከሩቅ መንገድ ሳያርፍ ነድቶ የደረሰ፣ ዓይኑ ደም የመሰለ ሰው። ሐኪሙ አራት የጎን አጥንት መሰበሩን ነግሮታል። በሩ ላይ ቆሞ፣ አባቴን የሰበረው ማን ነው አለ። እኔም አለሁበት ልል አፌን ስከፍት እንዝርት ቀደመችኝ።

«እኔ ነኝ። ሦስቱን እኔ፣ አንዱን አናጢው ይሆናል።»

እየቀለደች አልነበረም፤ በእውነት ቆጥራው ነው። ልጁ ግን እንደ ቀልድ ወሰደው። ሽማግሌ ሰው ላይ ወጥተሽ ትረግጫለሽ ወይ አላት፤ ሌላም ሌላም አለ። እሷ ጨርሶ እስኪናገር ጠበቀችው።

«ልባቸው ቆሞ ነበር፣ ወንድሜ። አሥራ አንድ ደቂቃ። እጄን ባነሣ ኖሮ ዛሬ የመጣኸው ስለ አጥንት ልትጠይቀኝ አልነበረም።»

ልጁ አንዴ እኔን፣ አንዴ ሲሚንቶውን አየ። ዞሮ ሄደ። እሱ ከወጣ በኋላ እንዝርት መርፌዋን አንሥታ ክር ልታስገባ ሞከረች፤ አምስት ጊዜ ሳተች። በስድስተኛው እኔ አስገባሁላት።

ጋሼ መቀስ በአምስተኛው ቀን ዓይናቸውን ገለጡ። በስድስተኛው ሚስታቸውን በስማቸው ጠሩ። በስምንተኛው፣ ጨርቁን ማን እየቆረጠው ነው ብለው ጠየቁ። ይህን ስንሰማ ቤቱ በሳቅና በለቅሶ ተናወጠ። እንዝርት ግን ልትጠይቃቸው እምቢ አለች። ያን ሁሉ ቀን አጥር ስትዞር የከረመች ሴት፣ በሩ ሲከፈትላት ፈራች። ሚስታቸው ናቸው መጥተው እጇን ይዘው ያስገቧት። በሩ ላይ ሚስታቸው ሁለቱን አንጓዎቿን ጨብጠው ቆዩ።

ጋሼ ትራሳቸውን ተደግፈው አዩዋት።

«ጎኔን እንዲህ ያደረግሽኝ አንቺ ነሽ አሉ።»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«ስስቅ ያመኛል።»

«እንግዲያው አይሳቁ።»

ከአምስት ወር በኋላ የመጀመሪያ ንግግራቸው ይህ ነበር።

ሰው ታሪኩን ሲያወራ እዚህ ላይ ይጨርሰዋል፤ ግን አላለቀም። ጋሼ መቀስ ከአራት ወር በኋላ ወደ ሥራ ሲመለሱ እንደ ድሮው አልነበሩም። ሃያ ኪሎ ቀንሰዋል። ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ የነገሩህን ልኬት ከአፍታ በኋላ ይረሱታል። መጀመሪያ የቆረጡት ጨርቅ እባብ የሄደበት መሰለ። አሠሪያችን ደግ ሰው ስለሆነ አላባረራቸውም፤ የፍራሽ ቁልፍ የሚመታበት ማሽን ላይ አስቀመጣቸው። ለእሳቸው ይህ ውርደት ነበር። ያኮርፋሉ፤ ይቆጣሉ፤ አንዳንድ ቀን ከማንም ሳይነጋገሩ ይውላሉ። እንዝርት ዙሪያቸውን ትሾራለች፤ ዕቃ ታቀብላቸዋለች፤ ባስቆጧት ቁጥር ሄዳ ትመለሳለች። አተረፍኳቸው ብላ ስትኮራ ሰምቻት አላውቅም።

አንድ ቀን ከሥራ ስንወጣ ጋሼ ከእኛ ጋር ወደ አውቶቡስ ፌርማታ አዘገሙ። መንገድ ላይ፣ ያን ቀን የሆነውን ማንም ሊነግረኝ አይፈልግም አሉ። ሚስቴ ታለቅሳለች፤ ልጄ ወሬ ይቀይራል፤ ከሕይወቴ ላይ አንድ ጠዋት ተሰርቆብኛል አሉ። እንዝርት ነገረቻቸው። ምንም አልዘለለችም፤ ማጣጣራቸውን፣ ከፍራሽ ማውረዳችንን፣ አጥንቱ ሲሰበር የተሰማውን ድምፅ፣ የእኔን አልችልም ማለት ሳይቀር። እሳቸው ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ ሰሟት። ፌርማታው ጋ ስንደርስ ብዙ ሰው ተሰልፏል።

«ያን ቀን ስለ ውሻና ስለ ጅብ የተናገርኩት...» አሉ ጋሼ።

«አውቃለሁ» አለች።

«ወንድምሽን አስቤ አልነበረም። አፌ ነው።»

«አፍዎን አሥራ አራት ዓመት አውቀዋለሁ።»

አውቶቡሱ መጣ። ጋሼ አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ አድርገው ዞር አሉ። ሚስታቸውንና ልጃቸውን እንድታስተምርላቸው ጠየቋት። «አንዴ የቆመ ልብ ነው፤ አላምነውም» አሉ። ሰው ከኋላ ገፋቸው፤ ገቡ።

ቅዳሜ ዕለት የስፖንጁን ሰው ትከሻዬ ላይ ጥዬ፣ እንዝርት ከፊት ከፊት እየሄደች፣ ወደ ጋሼ ቤት ሄድን። መንገደኛው ዞር እያለ ያየናል፤ አንድ ባለ ሱቅ ወጥቶ ምነው ምን ሆነ ብሎ ጠየቀኝ። ስፖንጅ መሆኑን ስነግረው ደረቱን ነካክቶ ካረጋገጠ በኋላ ነው ያለፍነው።

ጋሼ ጥግ ላይ ባለ ወንበር ተቀምጠዋል። ጠረጴዛውን ገፋን፤ ምንጣፉን ጠቀለልን፤ ሰውየውን ባዶው ወለል ላይ አስተኛነው። ልጁ ከእንዝርት ዓይን እየሸሸ ነበር። ተንበረከከ፤ እጁን እንዳሳየችው ደረበ፤ መጫን ጀመረ። ያ ሁሉ መሪ የሚያሽከረክር ክንድ ደረቱን እንደ ሕፃን ፀጉር ነው የሚዳስሰው። ፕላስቲኩ ዝም አለ።

«ፈራህ?» አለችው።

«አዎ።»

«ምኑን?»

«መስበሩን።» እጆቹን እያየ፣ «በእኔ እጅ ቢሆንስ?» አለ።

እንዝርት ከጎኑ ተንበረከከች። እጇን እጁ ላይ ደርባ፣ የሁለቱንም ክብደት አንድ አድርጋ ወረደች። ፕላስቲኩ ቀጭ አለ። ልጁ ደነገጠና እጁን ሊያነሣ ሲል ያዘችው። እንደገና ወረዱ፣ እንደገና ለቀቁ። አሥር ሲሞላ እሷ እጇን ቀስ ብላ አነሣች፤ እሱ ብቻውን ቀጠለ። ጋሼ ከወንበራቸው ሆነው፣ ያ ሰው ራሱ ያለ ትራስ ነው፣ አንገቱ ይታመማል እያሉ ያጉረመርማሉ። የሚሰማቸው የለም። ልጁ ጮክ ብሎ መቁጠር ጀመረ፤ ድምፁ መጀመሪያ ይሰባበር ነበር፣ በኋላ ተስተካከለ።

ሁለት ደቂቃ ሲሞላ ላቡን በክንዱ ጠረገና ቦታውን ለእናቱ ለቀቀ። እናትየው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ ጫማቸውን አወለቁ፣ ከሰውየው ጎን ተንበርክከው ክርናቸውን ቀጥ አደረጉ።